በበጋ የመጣችው መርከብ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሩት ጀዊ የስደተኞች ጣቢያ ካለው ሥራዋ መጣችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «ባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ እንዳትስቅብኝ» አለችኝ። እንዲህ ካሉኝ ደግሞ ሳቄ የሚመጣው ያኔ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ግቢው ጥግ ላይ ትንሽ የንባብ ክፍል ከፍተዋል። የሴቶች መደርደሪያ አለ፤ የልጆችም አለ። «ለወንዶች» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት መደርደሪያ ግን ባዶውን ቆሟል። ሩት የክፍሉ ሰብሳቢ ናት።

«ወንዶቹ አይመጡም። ቢመጡም ስለ ራሳቸው ትንፍሽ አይሉም» አለች። «ስለ ወንዶች ችግር፣ ሰው ስለ ወንድ ስላለው አመለካከት የተጻፈ ነገር ምረጥልኝ። አስተማሪ አልነበርክ እንዴ?»

ሳቄ አመለጠኝ። የያዝኩት ሻይ ሸሚዜ ላይ ተደፋ። እናቷ ኛዳክ ከጓዳ ሆና «ምን ሆነ ይሄ ሰውዬ?» አለች። «ልጅሽ ስለ ወንዶች የሚነበብ መጽሐፍ ምረጥልኝ አለችኝ» ብላት እሷም ሳቋን ለቀቀችው። «በስመ አብ! እሱን አታስመርጪው! ይሄ ሰው አንድ ጊዜ መጽሐፍ መርጦ ምን እንዳመጣብን ብታውቂ!» አለች። ሩት ተራ በተራ አየችን። ለካ ይህን ታሪክ ነግረናት አናውቅም። እንግዲህ ለእሷ የነገርኳትን ለናንተም ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ የቀበሌው የንባብ ቤት ኃላፊ ሆኛለሁ። ኃላፊ ስል ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የምዞር ኮበሌ ነበርኩ። የተመረጥኩትም አማርኛውን አንብቤ ለሰው በኑዌርኛ መናገር ስለምችል ነው። ቤቱ ባሮ ዳርቻ ላይ ያለ የድሮ የወደብ መጋዘን ነው። መርከቦቹ ከሱዳን በሚመላለሱበት ጊዜ የቡና ጆንያ ይከመርበት ነበር አሉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የጋምቤላን ፀሐይ ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም ላይነግረው ይችላል። ከረፋዱ በኋላ እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን በላቡ ያጥበዋል። ስለዚህ ወንበሮቹን አውጥተን ማንጎው ሥር ደረደርናቸው። ከዚያ ሆነን የሚታጠቡትን፣ የሚዋኙትን፣ አሳ የሚያጠምዱትን እያየን እናነብ ነበር።

መርከቦቹ መምጣት ካቆሙ ቆይተዋል። ሽማግሌዎቹ ግን ወሬያቸው ሁሉ መርከብ ነው። ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ ጭሷ ከሩቅ ይታይ ነበር፣ ጡሩንባዋ ሲነፋ ከተማው በሙሉ ወደ ዳርቻው ይሮጥ ነበር ይላሉ። በበጋ ግን አትመጣም። በበጋ ባሮ አሸዋው ይወጣል፤ ላም ጉልበቷ ሳይርስ የምትሻገርበት ቦታ አለ። ይህን እዚህ የተወለደ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

አንድ ቀን በጎሬ በኩል የመጣ የጭነት መኪና አንድ ትልቅ ጥቅል ይዞልን መጣ። መጽሐፍ! እንዴት እንደተደሰትኩ ልነግራችሁ አልችልም። ጓደኛዬ ቾልና እኔ ሲባጎውን በጥርሳችን በጠስነው። አብዛኛው ቀይ ሽፋን ያለው፣ ሁላችንም በስብሰባ ቃል በቃል የሰማነው ነገር ነው። ከሥር ግን አንድ ቀጭን መጽሐፍ ወጣ። ሽፋኑን ምስጥ በልቶታል። ርእሱም የለ፣ የጸሐፊውም ስም የለ። ገለጥ ሳደርገው ስለ ወንድ ልጅ ይናገራል።

«ስለ ወንድ ደግሞ ምን ይጻፋል?» አለ ቾል።

እኔም እንደሱ ነበር የመሰለኝ። ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ ጀመርኩት፤ ከዚያ መነሣት አቃተኝ። ሰውዬው ማንም ይሁን ማን ውስጤን ገብቶ ያየ ነው የመሰለኝ። ወንድ አያለቅስም፣ ወንድ አይፈራም፣ ወንድ አይደክመውም እያላችሁ ልጆቻችሁን ድንጋይ አታድርጓቸው ይላል። አባት ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በአንድ ገበታ ይቀመጥ ይላል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ፣ ወንድ ርቦኛል ማለት ለምን ያፍራል ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ከድኜ ወንዙን ማየት ጀመርኩ።

ምክንያቱም እኔ ርቦኝ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ! በእኛ በኑዌሮች ወግ ጎረምሳ የሆነ ወንድ ዘመዱ ባልሆነች ልጃገረድ ፊት አይበላም። ነውር ነው። ሲያኝኩ መታየት፣ ለምግብ መጓጓት፣ ሆድ እንዳለህ ማሳወቅ የልጅ ነገር ነው። እኛ ምግባችንን ይዘን ከከብቶቹ ቤት ጀርባ ሄደን፣ ወንድ ለወንድ ሆነን እንበላለን። የምታጫትን ልጅ እናት በተመለከተማ ባይወራ ይሻላል። አማት ልትሆን ባለች ሴት ፊት አንዲት ጉርሻ ከቀመስክ «ይሄ ስድ ነው» ተብለህ ለጥሎሽ የሰጠኸው ከብት ተነድቶ ይመለስልሃል። የእኔና የኛዳክ ነገር ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው የተጀመረው። የአባቴ ወንድሞች ከብቱን መነጋገር ጀምረዋል። ኛዳክ የምትኖረው ከንባብ ቤቱ አጠገብ ነው። ስለዚህ እሷ በምታልፍበት መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ማንጎ እንኳ ሳልቀምስ እውላለሁ። ማንጎው ራሴ ላይ እየወደቀ!

እንግዲህ ይህን መጽሐፍ ለብቻዬ ይዤ ዝም ብል ኖሮ ምን ነበረበት? አፌ ግን መች ያርፍና። ማታ ማታ ሰዎቹ ከባሮ ታጥበው ሲመለሱ እያነበብኩ እተረጉምላቸው ጀመር። ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ አንዳንዱ ተቆጥቶ ተነሥቶ ይሄድና በማግሥቱ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ይቀመጣል። እንደዚያ ሰሞን የደመቀ ነገር አላየሁም።

ወሬው ጓድ ደምሴ ጆሮ ገባ። ጓድ ደምሴ ከደጋ የተላከልን ካድሬ ነው። ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ እርጥብ ፎጣ የማይለየው፣ ወባን ከጠላት ጦር አብልጦ የሚፈራ ሰው። ገና መምጣቱ ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሣና «የንባብ ቤቱ ኃላፊ፣ ለሰፊው ሕዝብ የትኛውን መጽሐፍ ትመርጣለህ?» አለኝ። ዝም በል ተቀመጥ የሚለኝ አጣሁ። ብድግ አልኩና ያንን መጽሐፍ ከፍ አድርጌ፣ ወንድ ከሴት ጋር በአንድ ገበታ መብላት እንዳለበት የሚናገረውን ገጽ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ጓድ ደምሴ ሲሰማ ዓይኑ በራ።

«ይህ ነው የምፈልገው! የመሠረተ ትምህርት ምሩቃን በዓል በሚመጣው እሁድ ነው። ወንዱም ሴቱም በአንድ ረጅም ገበታ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይበላሉ። አንተ መጽሐፉን የመረጥከው፣ መጀመሪያ ጎርሰህ አርአያ ትሆናለህ።»

ክው አልኩ። የዚያ ዓመት ምሩቃን እነማን ነበሩ መሰላችሁ? ሴቶቹ ናቸው። ከነሱም አንደኛ የወጣችው የኛዳክ እናት ናት! አስተማሪዋ ደግሞ ራሷ ኛዳክ። ሁለቱም ፊት ለፊቴ ሊቀመጡ ነው።

ተከትዬው ወጣሁ። «ጓድ ደምሴ፣ በእኛ ወግ እኮ ይህ ነገር...» ብዬ ጀመርኩ።

«ኋላ ቀር ልማድ ነው!» አለኝ። «አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ ያነበብክልን? ደግሞ እንዴት ነው ወንድ ልጅ ምግብ የሚፈራው? በእኛ አገር ወንድ የሚታወቀው በአጎራረሱ ነው!»

«እኔ ምግቡን አልፈራሁም፤ ሴቶቹን ነው እንጂ።»

«ይብስ!» አለና ፎጣውን አራገበ። «ስማ ጋትሏክ፣ ለመምህራን ማሠልጠኛ የምትሄደው በእኔ ድጋፍ ነው። ከቃልህ ወደ ኋላ የምትል ሰው ነህ ብዬ ልጻፍብህ?»

ጉዴ ፈላ። ብበላ ኛዳክን አጣለሁ፤ ባልበላ ማሠልጠኛው ይቀርብኛል፤ ማሠልጠኛው ከቀረ ደግሞ ከመጋዘን ቁልፍ በቀር ምንም የሌለኝ ሰው ነኝ። ሮጬ ወደ ቾል ሄድኩ። ቾል ችግር ሲነግሩት መጀመሪያ በደንብ ስቆ ነው የሚያስበው። መሬት ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ዕንባውን ጠርጎ፣ «ወባ ይዞኛል በል፤ እዚህ አገር ወባ ያዘኝ ያለውን ማን ይጠረጥራል?» አለኝ።

እውነትም ብልሃት መሰለኝ። ቅዳሜ ዕለት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተኛሁ። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ! ትኩሳቱ የምር ነበር ማለት ይቻላል። ጓድ ደምሴ ራሱ ክኒን ይዞ መጣ። አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቆየ፤ ግንባሬን ዳሰሰ፤ ውኃ ቀዳልኝ። ሊሄድ ሲነሣ «በሬሳህም ቢሆን ነገ ትመጣለህ» አለኝ። ደግ ነው እንዳልል ያስፈራራኛል፤ ክፉ ነው እንዳልል ውኃ ያጠጣኛል።

እሁድ ደረሰ። ማንጎዎቹ ሥር ረጅሙን ገበታ ከመጋዘኑ የበር ሳንቃ ሠሩት። አቤት የዚያን ቀን ምግብ! ደገኞቹ እናቶች እንጀራና ቀይ ወጥ አምጥተዋል። በሬ ታርዷል። ከባሮ የወጣ አሳ በትልቅ ድስት ይንተከተካል። ከበቆሎ ዱቄት እየተድቦለቦለ የሚሠራው ወልወላችን ወተት ፈስሶበት በየሣህኑ ቀርቧል። ከጠዋት ጀምሮ ያልበላ ሰው አፍንጫ ላይ ይህ ሁሉ ሽታ ሲመጣ አስቡት። ከበሮው ይመታል፤ የምሩቃኑ እልልታ ወንዙን ተሻግሮ ይሰማል። እኔ ከፍርሃቴ ጋር ልቤ በደስታ ይዘላል፤ ሁለቱ አብረው እንዴት እንደሚሆኑ አትጠይቁኝ፤ ወጣት የነበረ ያውቀዋል።

ተቀመጥን። በዚህ በኩል ወንዶች፣ በዚያ በኩል ሴቶች። ወንዶቹ ሁሉ ጀርባችን ቀጥ ብሎ፣ እጃችን ጉልበታችን ላይ ሆኖ፣ ምግቡን ጨርሶ እንዳላየ ሰው ከሴቶቹ ራስ በላይ ባሮን እናያለን። ከፊቴ ኛዳክ በነጭ ቀሚስ፣ አንገቷ ላይ ዶቃዋ። ዓይኗን ቀና አታደርግም። ከአጠገቧ እናቷ። እኚያ ሴት ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከኔ ጋር አንድ ቃል ተነጋግረው የማያውቁ ናቸው፤ ወጉ ነዋ። የምስክር ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል።

ጓድ ደምሴ ንግግሩን ጨረሰና «እንግዲህ ጀምሩ!» አለ። ማንም አልተነቃነቀም። ዝንቡ ብቻ ነው የተጠቀመው። «ጀምሩ እንጂ!» አሁንም የለም። ፊቱ ቀላ። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር መጣለት። «ጥሩ! ጓድ ጋትሏክ ቢያፍር እንኳ እኩልነታቸውን ለማሳየት ኛዳክ ራሷ ታጎርሰዋለች!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ላብ አጠመቀኝ። ገበታው ላይ የነበረው ኑዌር ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ኛዳክ እናቷን አየች። ጓድ ደምሴ ራሱ ቁራሽ ሥጋ አንሥቶ እጇ ላይ አኖረላት። ወደ እኔ ዘረጋች፤ ቆመች፤ እንደገና ዘረጋች። ዕንባ ዓይኗ ላይ ሞልቷል። እኔም በልቤ ማሠልጠኛው ገደል ይግባ ብዬ ልነሣ ጉልበቴን ሰበሰብኩ።

በዚህ ጊዜ እናቷ ብድግ አሉ። እጃቸውን ወደ ወንዙ ዘርግተው፣ በዚያ በቅጡ ባልተፍታታ አማርኛቸው፣ ከተማው እስኪሰማ ጮኹ፦

«መርከብ! መርከብ መጣ!»

ጓድ ደምሴ ተወርውሮ ወደ ዳርቻው ሄደ። «የታል? የታል?» እያለ አንገቱን አስግጎ ዳርቻ ዳርቻውን ወረደ። ሴቶቹ ግን፣ አቤት ሴቶቹ! ለአፍታ ተያዩ። በዚያ በበጋ፣ አሸዋው ወጥቶ፣ ልጆች መሐል ወንዙ ላይ ቆመው ኳስ በሚጫወቱበት ባሮ ላይ ምን መርከብ ይመጣል? ገባቸው። ሁሉም እንደ አንድ ሰው ተነሥተው ጀርባቸውን ሰጡን። «እውነትም መጣ!» አለች አንዷ። «ጭሱን አያችሁት?» አለች ሌላዋ። የአኝዋኮቹም እናቶች፣ ደገኞቹም ሳይቀሩ ዞሩ። ኛዳክ ቁራሹን ሥጋ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና እሷም ዞረች። ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር።

ቾል ክንዴን ጎሸም አደረገኝ። «ብላ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!»

በላን። እንዴት ያለ አበላል! ከተወለድኩ ጀምሮ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ሥጋው፣ አሳው፣ ወልወሉ በየተራው ይገባል። አጎቴ እንኳ፣ ሽማግሌው፣ አጥንት ይግጣሉ። እየበላን እንስቃለን፤ እየሳቅን እንታነቃለን። ሴቶቹ ጀርባቸውን እንደሰጡን የሌለችውን መርከብ እየተቀባበሉ ያወራሉ፤ ማን እንደወረደ፣ ምን እንዳመጣ፣ ሁሉን ዘረዘሩት። ሣህኖቹ ባዶ ሲሆኑ አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያኔ የኛዳክ እናት፣ ሳይዞሩ፣ «መርከብ ሄደ» አሉ። ሴቶቹ ተመልሰው ተቀመጡና በተራቸው መብላት ጀመሩ። እኛም ደግሞ በተራችን ባሮን አየን።

ጓድ ደምሴ ከዳርቻው ቀስ እያለ ተመለሰ። ባዶዎቹን ሣህኖች አየ። ቅባት የነካውን አፌን አየ። ሴቶቹን አየ፣ አሸዋውንም አየ። አለቀልኝ አልኩ። እሱ ግን አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መርከብ አልነበረችም አይደል?» አለኝ።

«አልነበረችም፣ ጓድ። በበጋ አትመጣም።»

ፎጣውን ከአንገቱ አወረደና በእጁ ሲያፍተለትለው ቆየ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ የተናገረው ሌላ ነው። «እኔ እኮ የወንድና የሴት እኩልነት ብቻ ብዬ አይደለም። ከመጣሁ ጀምሮ ብቻዬን ነው የምበላው። ካድሬ ነው ብሎ ማንም ምግብ አያቀርብልኝም፤ እናንተም ምግባችሁን ይዛችሁ ከኔ ትሸሻላችሁ። ንቀት ነው ብዬ ነበር። አገር ቤት እንጀራ የሚቀርበው ለብቻ አይደለም። ቢያንስ አንድ ቀን በሰው መሐል ልብላ ብዬ ነው።»

ያን ሰው ስንት ጊዜ ረግሜው ነበር! ከቾል ሣህን የተረፈውን አሳ ወደሱ ገፋሁለት። በላ። እኛም አላየነውም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ወደ ሌላ አውራጃ እስኪዛወር ድረስ ጓድ ደምሴ ከኛ ጋር ከከብቶቹ ቤት ጀርባ ይበላ ነበር፤ ወልወሉን በእጁ እየዛቀ፣ ትንኙን በፎጣው እያባረረ። ማሠልጠኛም ሄድኩ። ኛዳክንም አገባሁ።

«እና መጽሐፉ የት አለ?» አለች ሩት፣ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ።

«የተረፈውን ምስጥ ጨረሰው።»

«ታዲያ መደርደሪያዬ ላይ ምን ላድርግ?»

ያገኘሽውን ሁሉ አድርጊ አልኳት። ስለ ወንድ በሐቅ የተጻፈ ነገር ካገኘሽ አምጪው፤ ያ ምስጥ የበላው መጽሐፍ እኔን ርቦኛል ማለት አስተምሮኛል። ግን መጀመሪያ ወንዶቹን ምሳ ጥሪያቸው አልኳት። ስለ መጽሐፉ ወዲያው አትጠይቂያቸው፤ ዓይን ዓይናቸውን አትዪ። ዞር በይላቸው፤ ዞር ስትዪላቸው ነው የሚናገሩት። ጓድ ደምሴ የሆዱን የነገረኝ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ አይደለም። አሁንም በየቤቱ፣ ወንድ ምን ይጎድለዋል ተብሎ፣ ርቦኝ ነው ሳይል የሚያድር አለ። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ ስንት ወር አኩርፌ እንደከረምኩ ኛዳክ ታውቃለች።

እኔ እንዲህ ስለፈልፍ ኛዳክ ምሳውን አቀረበች። አሳ ነው። አሁን አብረን ነው የምንበላው፤ ስንወልድ ስናሳድግ ያ ሁሉ ወግ በእኛ ቤት ቀርቷል። አንድ ነገር ብቻ አልቀረም። እጄን ወደ ሣህኑ ስሰድ ኛዳክ ፊቷን በመስኮቱ ወደ ባሮ ታዞራለች። ሩት በልጅነቷ ለምን እንደሆነ ስትጠይቅ «እናትሽ ወንዙን ትወዳለች» እላት ነበር። ያን ዕለት ግን እናቷን ትክ ብላ አየቻትና እሷም ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

በጋ ነው። አሸዋው ወጥቷል፤ ልጆች መሐል ወንዙ ላይ ኳስ ይጫወታሉ።

«መርከብ የለም እኮ» አልኳት።

«ትመጣለች» አለች ኛዳክ ሳትዞር። «አንተ ብላ።»